የባምባሲ ገበታ

ብዙ ሰዎች የምግብ መቀላቀል ባህልን ያጠፋል ብለው ይሠጋሉ። በውጭ አገር ከተሞች የጃፓንን ምግብ ከሌሎች ሕዝቦች ምግብ ጋራ አዋሕደው የሚያቀርቡ፣ ሳቅና ጨዋታ የማይጠፋባቸው ምግብ ቤቶች መበርከታቸውን በሰሙ ጊዜም፣ «ታዲያ የማን ምግብ ሊባል ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱን ግን እኛ ያገኘነው ከባምባሲ ነው።

ጃፓን ራሷ ከሌላው ሳትቀበል የኖረች አገር አይደለችም። በሊጥ ተነክሮ በዘይት የሚጠበሰው ቴምፑራ፣ እ.ኤ.አ. በ1543 ወደ አገሪቱ መምጣት ከጀመሩት ፖርቱጋሎች የተወረሰ ዘዴ ነው። ራመን የተባለው የፓስታ ሾርባ ከቻይና፣ ካሪውም በሜጂ ዘመን በእንግሊዞች በኩል ገብቷል። ጃፓናውያን ግን የተቀበሉትን በራሳቸው እጅ አጣፍጠው የራሳቸው አደረጉት እንጂ ጃፓንነታቸውን አላጡም።

ባምባሲም ከአሶሳ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የብዙ ሕዝብ ምድጃ የተገናኘባት ከተማ ናት። ማኦው፣ በርታውና ኦሮሞው በአካባቢው ይኖራሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ የሰፈሩት ወገኖች እንጀራቸውንና ሽሯቸውን ይዘው መጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት በተነሣ ጊዜ የተሰደዱትም፣ በ2012 በዚያው በተከፈተው የስደተኞች ጣቢያ ተጠጉ።

በአንድ የክረምት ዓርብ እኛ የሥራ ባልደረቦች በከተማይቱ ወዳለች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። ከመካከላችን ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበረ። በአንድ ትሪ እንጀራ ተዘርግቶ፣ በላዩ የሱዳኑ ፉል በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ተሰናድቶ፣ ከጎኑም የባሚያ ወጥ ቀረበልን። ቀጥሎ ተቀቅሎ ምሬቱ የወጣለት የቀርከሃ ለጋ ቡቃያ መጣ። ጃፓናውያንም የቀርከሃን ቡቃያ እንዲሁ ቀቅለው ምሬቱን አስወጥተው ይበላሉ። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ በአንድ ጥበብ መገናኘታቸው አስገረመን።

ሥጋ የሌለበትን ምክንያት ስንጠይቃት ባለቤቲቱ ሣቅ ብላ፣ «ሥጋ ብሠራ ገሚሳችሁ ወደዚያ፣ ገሚሳችሁ ወደዚህ ትሄዱብኝ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ እንኳ አንድ ላይ ብሉልኝ» አለችን። እውነቷን ነው። በአገራችን የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች የእርድ ሥርዓታቸው ስለሚለያይ በሥጋ ገበታ ይለያያሉ፤ ፉልና ባሚያ ግን ማንንም ከማንም አይለዩም።

ይህ ነገር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ክልል፣ በካማሺ ኋላም በመተከል፣ በጉርብትና የኖሩ ሰዎች ተገዳድለዋል፤ ብዙዎችም ከቀያቸው ተሰደዋል። አንድ ትሪ ፉል ይህን ያስቀር ነበር ብለን አንሞኝም። ነገር ግን አብረው የሚበሉበት ስፍራ የሌላቸው ሰዎች ስለ ጎረቤታቸው የሚያውቁት ወሬ የነገራቸውን ብቻ ይሆናል፤ ወሬውንም በምን ይመዝኑታል?

ስለዚህ በምግብ መቀላቀል የሚጠፋ ባህል የለም የሚል አሳብ አለን፤ የሚጠፋው የባለቤቱ ስም ሲረሳ ነው። ምግብ ቤት የምትከፍቱ ወጣቶች ሆይ፣ የበርታውን የባሚያ ወጥ፣ የሱዳኑን ፉልና የወሎውን ሽሮ በአንድ ትሪ አቅርቡልን፤ ሆኖም እያንዳንዱን ከነአገሩ ጥሩልን። በልቶ ያመሰገነ ሰው ማንን እንዳመሰገነ ይወቅ።