የሱብሃድራ እንቅልፍ

ከማሃባራታ ጀግኖች እኛን የያዘን አቢማንዩ ነው። ሕንዶች ሲተርኩት፣ ገና በእናቱ በሱብሃድራ ማህፀን ሳለ አባቱ አርጁና የጠላትን ክብ ሰልፍ ሰብሮ ስለ መግባት ሲያወራላት ሰማ። ወሬው መውጫው ላይ ሲደርስ እናት እንቅልፍ ወሰዳት። ልጁ አድጎ ሰልፉን ሰብሮ ገባ፤ መውጫው ጠፋው፤ ሞተ። በካፌው ስንከራከር ወንዶቹ እንቅልፏን ከሰሱ። ሴቶቹ ግን «ኧረ ምን በወጣት! አውርቶ አውርቶ ያስተኛት እሱ!» አሉ።

ጽንስ ይሰማል ማለት እንኳ ከንቱ አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አራስ ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ እንደሚመርጡ አሳይቷል። ከዚያ እስከ ጦር ስልት ግን መንገዱ ሩቅ ነው። ጋርባ ሳንስካር የሚሉት ልማድ ነፍሰ ጡር በጎ እንድታስብ፣ መልካም እንድትሰማ ይመክራል፤ ደግ ነው። ልጁ ቢሰንፍ ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለት ሲመጣ ግን አንወድለትም።

ባጋቫድ ጊታ ይሻለናል። እዚያ ዮጋ መተጣጠፍ ሳይሆን ቢሳካም ባይሳካም ልብን ማርጋት ነው። ለነፍሰ ጡርማ፣ ሐኪሟ እሺ ካላት፣ ትንፋሽን ሳያፍኑ በዝግታ መሳብና መልቀቅ፤ ወራቱ ሲገፋ በጀርባ አለመንጋለል፤ ሲደክም በጎን ጋደም ማለት። ሱብሃድራስ ከዚህ ሌላ ምን አደረገች?