ለውዝ ብል ለውዝ ሰጡኝ

ከሳክራሜንቶ ስነሣ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ኪሎ የአልሞንድ ዱቄት ነበር። ስኳር ከያዘኝ ወዲህ ቁርሴ ከእሱ የምጋግራት ቂጣ ናት፤ ዱቄቱን የሚያያይዝልኝ እንቁላል ነው። ያረፍኩት ፒያሳ፣ ከሰባ ደረጃ ብዙም ሳይርቅ፣ እትዬ በምላቸው በባለቤቴ አክስት ቤት ነው። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር እንቁላሉ በመጀመሪያው ቀን ቀረ። ዱቄቱም በሁለተኛው ሳምንት አለቀና ፍለጋ ወጣሁ።

ፒያሳን የማውቃት በዝና ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ አዲስ አበባን ያየኋት ለቪዛ ስመላለስ ብቻ ነበር። እትዬ መንገድ ሲነግሩኝ ምልክት የሚያደርጉት የሌለ ቤት ነው። «ከጫማ ሰፊው አለፍ ብለህ፣ ከዳቦ ቤቱ በስተግራ» ይሉኛል፤ ወጥቼ ሳይ ጫማ ሰፊውም ዳቦ ቤቱም የሉም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ በቦታቸው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ሣርና መብራት አለ። ለመራመድ ይመቻል፣ ንጹሕም ነው። እትዬ ግን በርበሬና ሽሮ ይገዙላቸው የነበሩት ሴትዮ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አያውቁም። ፒያሳ ያለችበት አራዳ ገበያዋን ስታጣ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የከተማዋ ዋና ገበያ እዚሁ ጊዮርጊስ ካቴድራል አጠገብ ነበር፤ ወደ ዛሬው መርካቶ ያዛወረው ጣሊያን ነው።

ጊዮርጊስ አቅራቢያ አንድ ሱቅ ገብቼ «የለውዝ ዱቄት ይኖራችኋል?» ስል ልጁ አንድ ብርጭቆ የለውዝ ቅቤ አቀረበልኝ። «ዱቄት ነው የምፈልገው» ስለው ጥሬ ለውዝ ከጆንያ ዘግኖ አሳየኝና «ካስፈለገዎት እናስፈጭልዎታለን» አለኝ። በዐረብኛ ለውዝ ማለት አልሞንድ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችንም እንዲሁ። በገበያችን ግን ስሙ ከዛፍ ወርዶ አፈር ውስጥ ለሚያፈራው፣ ኦቾሎኒ ለምንለው ሆኗል።

ባዶ እጄን ወጥቼ ካቴድራሉ ግቢ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። በልጅነቴ የአሮን በትር ለውዝ አፈራች ሲባል በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣው ቆሎ ሻጯ በወረቀት ጠቅልላ የምትሸጠው ለውዝ ነበር። ኦቾሎኒ ከደቡብ አሜሪካ የወጣ፣ ሙሴ ሊያውቀው የማይችል ተክል መሆኑን የተረዳሁት ካሊፎርኒያ ከገባሁ በኋላ ነው። በየካቲት ከፍሬዝኖ ወደ ሳክራሜንቶ በሸለቆው ስነዳ፣ ግራና ቀኙ ቅጠል ያላወጣ፣ ደረቅ እንጨት የመሰለ የአልሞንድ ዛፍ፣ በላዩ ነጭ አበባ ብቻ። መኪናዬን ዳር አቁሜ ቆየሁ። በትሪቱ ያን ዕለት ገባችኝ።

ከዚያ ሸለቆ የሚወጣው የዓለም አልሞንድ 80 በመቶ ያህሉ ነው። አበባው እንዲያፈራ በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጥ የንብ ቀፎ በጭነት መኪና ከመላው አሜሪካ ይጋዛል። በጋው ዝናብ የለውም፤ ዛፉ የሚጠጣው የመስኖና የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ውሃው ከሥሩ ተስቦ ከማለቁ የተነሣ መሬቱ የሰመጠበት ቦታ አለ። ውሃ ቆጥበው፣ በዛፎቹ መካከል ለንብ የሚሆን አበባ ዘርተው የሚያመርቱ ገበሬዎችም አሉ። ዋጋው ቢወደድም የእነሱን እየመረጥኩ ስገዛ ኖሬያለሁ፤ እኔን የሚያድን ምግብ የሰው ጉድጓድ እንዲያደርቅ አልፈልግም።

ማታ ለእትዬ ነገሩን ስነግራቸው «ታዲያ ተልባ ምን አለው?» አሉኝ።

በማግስቱ ከባልትና ቤት ተልባና ጥሬ ለውዝ ገዛሁ። የጎጃም ደጋ ልጅ ነኝ፤ ተልባ በክረምት ዝናብ በቅሎ ማሳው ሰማያዊ አበባ ሲለብስ እያየሁ ነው ያደግኩት። ግን ከጾም ፍትፍትና ከጨጓራ መድኃኒት ሌላ ምን ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን ግን ቁጥሩን አነጻጸርኩ፤ መቶ ግራም የስንዴ ወይም የጤፍ ዱቄት ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለው። አልሞንድ 21 ግራም ያህል ነው፤ ከዚያም ከግማሽ በላዩ የደም ስኳርን ከፍ የማያደርግ ፋይበር ነው። ተልባ 29 ግራም ገደማ ቢኖረውም 27ቱ ፋይበር ነው። ኦቾሎኒውም ከአልሞንድ ብዙ አይርቅም።

እትዬ ተልባውን ምጣድ ላይ አመሱት። መንጣጣት ሲጀምር «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» ብለው አወጡት፣ ወቀጡት፣ ነፉት። ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ወፍሮ ተዝለገለገ፤ ማንኪያውን ሳነሣ እንደ እንቁላል ነጭ ተለጠጠ። በሁዳዴ ያጣሁት ማያያዣ ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ ነበር!

ለውዙን ከማስፈጨታችን በፊት ሰፌድ ላይ ዘርግተው የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ሽታው የተለወጠውን አንድ በአንድ ለቀሙ። ይህን የሚንቅ ሰው አይጠቀም፤ እርጥበት ባገኘ ለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ወፍጮውም እያረፈ ነው የሚፈጨው፤ ከበዛ ዘይቱ ወጥቶ ቅቤ ይሆናል።

ሁለት እጅ ለውዝ፣ አንድ እጅ ተልባ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ አድርገን ጋገርነው። አይነፋም፤ የአልሞንዱ ልስላሴም የለውም፤ መልኩ ጠቆር፣ ጣዕሙ ከበድ ይላል። ግን አይፈረፈርም፣ ያጠግባል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣቴን ወግቼ ስለካ ስኳሬ በእንጀራ ጠዋት እንደሚወጣው አልወጣም። መድኃኒቴን ግን ሐኪሜን ሳልጠይቅ አልነካም።

የምሄድበት ዕለት ሲደርስ እትዬ ሦስት ኪሎ ተልባ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። ለምን እንዳላስፈጩት ስጠይቃቸው «የተፈጨ ተልባ አይቆይም፣ ይሸታል፤ ለሁለት ለሦስት ቀን የሚሆንህን ብቻ ፍጭ» አሉኝ። ከዚያ ቋጠሮውን ሻንጣዬ ውስጥ ልብስ መሃል እየጨቆኑ፣ «ሙቀጫ አለህ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የቡና መፍጫ አለኝ።»

«እንግዲያው ቡናውን ለብቻው» አሉ።