ለሦስት ቀን ታስቦ አራት ቀን የፈጀው የጣና ጉዞ

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር አጋማሽ ላይ፣ አራት ባልንጀሮች ከነቤተ ሰባችን በአንዳችን ቤት ቡና ስንጠጣ፣ የባልንጀራችን እናት በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ከጓዳ ይዘው ወጡና በፊታችን አኖሩት። ሲፈቱት በወርቀ ዘቦ ያጌጠ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነበር። ልጃቸው ከሁለት ዓመት በፊት በጽኑ ታሞ ሳለ፣ ከአልጋው ቢነሣላቸው ለዳጋ እስጢፋኖስ ጥላ ሊያስገቡ ተስለው ኖሯል። «ልጄ ቆሞ ይሄዳል፤ ስለቴ ግን እስከ ዛሬ በሣጥን ውስጥ ነው» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ጉዞው ግን በዚያች ሰዓት ቁርጥ ሆነ።

ዳጋ በጣና ሐይቅ መካከል ከሚገኙት ደሴቶች አንዱ ሲሆን፣ እንደሚታወቀው ሴቶች አይገቡበትም። እናታችንም ይህን አልዘነጉትም። «እስከ ደጁ ድረስ እኔ እሄዳለሁ፤ ከደጁ ወዲያ ልጄ ይሄድልኛል» አሉን። ሚስቶቻችን ደግሞ «ከደጅ ልትመልሱን ከሆነ ምን ልንሠራ እንወጣለን?» ብለው ስለ ተከራከሩ፣ ሴቶችም የሚገቡባቸውን ገዳማት በጉዞው ውስጥ ማስገባት ተገቢ ሆነ። ከመካከላችን ካርታ ማየት የሚወድ አንድ ወንድም አለ፤ እርሱም በወረቀት ላይ መስመር አስምሮ፣ ሐሙስ ጥቅምት 15 ቀን ዘጌ፣ ዓርብ ናርጋ ሥላሴ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 17 ቀን ለበዓሉ ዳጋ፣ ከቀትር በኋላም ወደ ባሕር ዳር መመለስ ብሎ ሰዓቱን ሁሉ እየለየ ጻፈው። ወረቀቱ እጅግ የሚያምር ነበር።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ያህል ከፍታ የሚገኝ ታላቅ ሐይቅ ቢሆንም፣ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ ነፋስ ሲመታው ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ጀልባውን አንሥቶ ሳያሳርፈው ሌላው ይደርሳል። ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከቀትር በኋላ ነው። በካርታ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም፤ በወረቀቱም ላይ አልተጻፈም።

ባሕር ዳር ስንደርስ የተከራየነው የሞተር ጀልባ ባለቤት፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሰው፣ ወረቀቱን ተቀብለው ጥቂት ተመለከቱና፣ «መልካም ነው ጌቶቼ፤ ብቻ ሁልጊዜ በ12 ሰዓት ማለዳ ካልተነሣን ይህ አይሆንም» አሉ። እኛም እሺ አልን። ከተቀጠረው ቤንዚን በላይ አንድ ጀሪካን ሲጭኑ አይተን፣ ለምን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

ክብራን ገብርኤልን በሩቅ ተሳልመን፣ ከአጠገቡም እንጦስ ኢየሱስን አልፈን ዘጌ ገባን። ስለ ዘጌ ጥቂት ሳንናገር ማለፍ አይቻለንም። በዚህ ልሳነ ምድር ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በጥንት ሥርዓት የተከለከለ ስለ ሆነ፣ በሌላው አገር የተመነጠረው ደን እዚህ ቆሞ ይታያል፤ ከትልልቆቹም ዛፎች ጥላ ሥር ያለው ሁሉ ቡና ነው። ሰው በቀጭን መንገድ እየተጎነበሰ ሲሄድ የወፍ ድምፅና የቡና አበባ ወይም ፍሬ እንጂ ማሳ አያይም። በዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነው። ልጆቻችን የቅዱስ ጊዮርጊስንና የበላዔ ሰብእን ታሪክ ከሥዕሉ ላይ ለእናታችን እያነበቡ፣ ስሕተታቸውንም እርሳቸው እያረሙ፣ ፀሐይ ጠለቀች። በማግሥቱም ጧት ቡና ሳትጠጡ አትሄዱም ተባልን፤ ቡናውም ሦስት ጊዜ የሚቀዳ ነውና፣ ከዘጌ የተነሣነው በ4 ሰዓት ነበር። ባለ ጀልባው ሰዓታቸውን ብቻ ተመለከቱ።

በመንገዳችን ላይ ከደንገል የተታታ ታንኳ ላይ ተቀምጦ እንጨት የሚወስድ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ እንዲህ ያለው ታንኳ ብዙ አይቈይም፤ ባለቤቱ ዘወትር አዲስ ያስራል። ሽማግሌው ሰማዩን በእጃቸው አሳይተው ወደ ዳር ወጡ፤ እኛ ግን ቀጠልን።

ነፋሱ የመጣው ከ7 ሰዓት በኋላ ነው። አስቀድሞ ውኃው ጠቈረ፤ ቀጥሎም ሞገዱ የጀልባውን አፍ እየመታ ይረጨን ጀመር። የመንሳፈፊያ ልብሳችንን አጥብቀን አሰርን፣ ልጆቹን ከመካከል አስቀመጥን። እናታችን ጥላውን በነጠላቸው ውስጥ አስገብተው በሁለት እጃቸው አቅፈውት ነበር፤ ልጃቸው ሊቀበላቸው ቢሞክር «አንተ እኔን ያዝ፤ ይህን እኔ እይዛለሁ» አሉት። ያን ጊዜ ባለ ካርታው ባልንጀራችን፣ ናርጋ ቅርብ ስለ ሆነ ወደ ፊት እንድንገፋ አሳሰበ። ባለ ጀልባው ግን «ጌታዬ፣ ወረቀቱ የእርስዎ ነው፤ በዚህ ውስጥ ያሉት ነፍሶች ግን በእኔ እጅ ናቸው» ብለው ከነፋሱ ወደ ተከለለው የደቅ ደሴት ዳርቻ አዞሩ።

ደቅ ገበሬዎች የሚኖሩበት ሰፊ ደሴት ነው። በማናውቀው ሰው ቤት እሳት ተቀጣጠለልን፣ ልብሳችን ደረቀ፤ ዕለቱ ዓርብ ስለ ነበረ ንፍሮና የተልባ ወጥ ቀረበልን። ከራት በኋላ ግን ከሚስቶቻችን አንዷ፣ «ቡናውን ለመጠጣት ጊዜ ነበረ፤ ለእኛ ናርጋ ግን ጊዜ ጠፋ» አለች። ለዚህ የምንመልሰው አልነበረንም። ሴቶች የማይገቡበት ዳጋ በዕቅዱ ጸንቶ ሲቀር፣ የሚገቡበት ናርጋ በእኛ መዘግየት ተሰርዟልና።

ቅዳሜ ከንጋቱ በፊት በረጋ ውኃ ላይ ወደ ዳጋ ተሻገርን። ዳጋ በደን የተሸፈነ፣ ከውኃው ቀጥ ብሎ የሚነሣ ኮረብታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ያለው ከጫፉ ላይ ነው። ሴቶቹ ከጀልባው ሳይወርዱ ቀሩ፤ እኛ ወጣን። በዕቃ ቤቱ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና በ1660 ዓ.ም. ያረፉት የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም መስተዋት ባለው ሣጥን ተቀምጦ ይታያል። ጥላውን ተቀብለው የባረኩት አባት፣ «የተሳለችው እናት ወዴት ናት?» ብለው ጠየቁን። ከታች በጀልባ ውስጥ መሆናቸውን ስንነግራቸው፣ ከቅዳሴ በኋላ መቋሚያቸውን ይዘው ያን ቀጥ ያለ መንገድ ወረዱ። እናታችን ከጀልባው ጠርዝ ተጎንብሰው መስቀል ተሳለሙ። ምን እንደ ተነጋገሩ አልሰማንም፤ ወደ ኋላ ራቅ ብለን ቆመን ነበርና።

በወረቀቱ መሠረት ከዚያ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር መመለስ ነበረብን። ባለ ካርታው ባልንጀራችን ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ባለ ጀልባውን፣ «ቤንዚኑ ናርጋ አድርሶ ይመልሰናልን?» አላቸው። እርሳቸውም ትርፉን ጀሪካን በእግራቸው ነካ አደረጉት። ነፋሱ ሳይነሣ የደቅን ዳርቻ ዞረን ናርጋ ገባን። ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ እርሳቸውም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው በግድግዳው ላይ ተሥለዋል። ሴቶቹ አስቀድመው ገቡ፤ እኛ በደጅ ልጆቹን ጠበቅን። ከሁሉ ዘግይተው የወጡት እናታችን ናቸው።

እዚያው አድረን እሑድ አስቀድሰን በ3 ሰዓት ተነሣን። (ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአገሩ ጸጥታ ስለ ታጣ፣ እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያስብ ቤተ ሰብ አስቀድሞ የስፍራውን ሰው ይጠይቅ።) ውኃው እንደ መስተዋት ረግቶ ነበር። እናታችን ጥላው ተጠቅልሎበት የነበረውን ነጭ ሻሽ ለፀሐዩ በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው፣ ባሕር ዳር እስክንደርስ ድረስ ተኙ።