ዘር ከልጓም ይስባል

በግጥሞቼ ውስጥ «ደም» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ በከንቱ ጠርቼዋለሁ። ዘር ከልጓም ይስባል እያልሁ የጥራትና የጀግንነት ምስክር አድርጌዋለሁ። ትርጉሙን ያስተማረኝ ግን ጃክ የተባለው ዶበርማን ውሻዬ ነው።

የዶበርማን ዘር የተገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ፣ ጀርመን ውስጥ አፖልዳ በተባለች ከተማ ነው። ሉዊስ ዶበርማን የተባለ ቀረጥ ሰብሳቢ ገንዘብ ይዞ ሲዞር የሚጠብቀው ውሻ ፈልጎ አዳቀለው ይባላል። እኔም ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ የምቆጥር የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህ ታሪክ ያኮራኝ ነበር።

ጃክ ጥርሱን ሲቀይር ድዱ ለቀናት ደማ። አየሁ፤ ዝም አልሁ። በሁለት ዓመቱ ከአንዲት ንጹሕ ዘር ዶበርማን ጋር አዳቀልሁት፤ በድርሻዬ የደረሰኝን ቡችላም ለአንዲት አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት የጃክን ጥፍር ስቆርጥ እጄ ጥቂት አለፈ። ደሙ ሌሊቱን ሙሉ አልቆመም። በማግስቱ የእንስሳት ሐኪሙ የከንፈሩን ውስጠኛ ክፍል በስሱ ጫር አድርጎ ሰዓቱን ያዘ። በጤነኛ ውሻ በአራት ደቂቃ ገደማ የሚቆመው ደም፣ በጃክ አሥር ደቂቃ አልፎም ይንጠባጠብ ነበር። «የቮን ዊለብራንድ ሕመም ሳይሆን አይቀርም» አለኝ።

ስሙ የፊንላንዳዊ ሐኪም ነው። ኤሪክ ቮን ዊለብራንድ በኦላንድ ደሴቶች በሚኖር አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የመድማት ሕመም አይቶ እ.ኤ.አ. በ1926 ጻፈው። ሕመሙ ሰውንም ውሻንም ይይዛል፤ የሚመጣውም ጥቃቅን የደም ሕዋሳትን ከቆሰለው የደም ሥር ጋር የሚያጣብቀው ፕሮቲን ሲያንስ ነው። በዶበርማን ዘንድ የተለመደ ነው፤ ጥራቱ እንዳይደፈርስ ዘመድ ከዘመድ የሚዳቀል ዘር ጉድለቱንም አብሮ ያጠራቅማልና። ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን የወረሰ ውሻ ለልጆቹ ሁሉ አንድ አንድ ያወርሳል፤ እናቲቱ ሌላውን ከጨመረች ቡችላው ይደማል። ቤተ ሙከራው ባለበት አገር፣ ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ይህን አስቀድሞ ይናገራል። ለእኔ አስቀድሞ የተናገረው የጃክ ድድ ነበር።

ባልደረባዬ የቡችላውን ጆሮ ለማስቆረጥ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ዓርብ ማታ ደወልሁላቸው።

«እትዬ፣ እባክዎ አያስቆርጡት፤ ደሙ ላይቆም ይችላል።»

ጥቂት ዝም ብለው፣ «ስትሰጠኝ ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም ነበር» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጠርጥሬ ነበር» አልኋቸው።

ጆሮው አልተቆረጠም። ጃክንም ዳግመኛ አላዳቅለውም። ሰኞ ጠዋት ከእትዬ ጋር እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ተቀምጠን ብር ቆጠርን። «ቡችላው ደኅና ነው» አሉኝ፤ ፊታቸውን ግን ወደ እኔ አላዞሩም።