ከአባቴ ጋር ያነጋገረኝ ጩኸት

ከአባቴ ጋር ከተኳረፍን ስምንት ወር ሆኖን ነበር። ዝርዝሩ ይቅርብኝ፤ ብቻ ሥራ ለቅቄ ቤት በመዋሌ ነው። አንድ ትሪ ከበው እየበሉ አለመነጋገር ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ጨው እንኳ የምንቀባበለው በእናቴ በኩል ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት ክፍሌ ገብቼ «ሞዓ አንበሳ»ን ለቀቅኩት። ላልሰማችሁት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አልበም ነው። ሳክስፎኑን የሚነፉት ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው፤ የሚያጅቧቸው ደግሞ «ዘ ኤክስ» የሚባሉ የሆላንድ ፓንኮች! ፓንክ ማለት ጊታሩ እንደ ቆርቆሮ የሚፋቅበት፣ ዘፋኙ ከመዝፈን ይልቅ የሚጮህበት የሮክ ዓይነት ነው። እነዚህ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዟቸው። ሰውዬው ወደዷቸውና ለአዲሱ አልበማቸው አጃቢ እንዲሆኗቸው ራሳቸው ጠየቋቸው። ያኔ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነበር እኮ!

«አጥፋው ይሄን ጩኸት!» አለ አባቴ ከሳሎን። በስምንት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ቃል መሆኑ ነው። እልህ ይዞኝ አላጠፋሁትም። ከዚያ «ቼ በለው» የሚለው ሽለላ ገባ።

ሽለላ ወኔ መቀስቀሻ እንጂ መጨፈሪያ አይደለም፤ ዜማው እንደልቡ ነው የሚሄደው። እነዚህ ፈረንጆች ግን ከሥሩ የማያቋርጥ ከበሮ፣ አጭር አጭር የጊታር ድግግሞሽ አስገቡለት። ሳክስፎኑ እንደ ሸላይ ላይ ላይ ሲያቅራራ፣ እግር ሳያስበው መሬት ይመታል። እውነቱን ለመናገር፣ እንግሊዝኛ የገባባቸውን እኔም አልፋቸዋለሁ።

በሩ ተከፈተ። «ማነው የሚነፋው?»

«ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ።»

«ፖሊስ ኦርኬስትራ እያለ አይቼዋለሁ። ጎፈር ደፍቶ ሲወጣ አዳራሹ ይናወጥ ነበር» አለና አልጋዬ ላይ ቁጭ አለ። ከበሮ የምትመታው ሴት መሆኗን ስነግረው አላመነኝም። «ጊታሩ ግን ምን በድሏቸው ነው እንዲህ የሚቀጠቅጡት?» ይበል እንጂ ትከሻው ዝም አላለም። አቤት፣ ስስቅ!

«ሌላ የላቸውም?» አለ ሲያልቅ። አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ «የአንበሳው ትዝታ»። ጋሽ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ማረፋቸውን ስነግረው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

የሥራውን ነገር እስካሁን አላነሳነውም። ለእሁድ ግን ሁለተኛውን አልበም ላሰማው ተቀጣጥረናል።