ፈረስ ማየት ያማራችሁ፣ ከፈረስ መጋላ ቁንዱዶ!

ፈረስ መጋላ ቆማችሁ ፈረስ ብትፈልጉ አታገኙም። ስሙ የፈረስ ገበያ ማለት ነው፤ ዛሬ ያለው ግን ባጃጅና ከማኪና ግርግር የሚመጣው የስፌት መኪና ድምፅ ነው። እውነተኛ ፈረስ፣ ያውም ጌታ የሌለው፣ ማየት ያማረው ከሐረር ወጥቶ በጉርሱም በኩል ወደ ቁንዱዶ ተራራ ይሂድ።

ቁንዱዶ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። አናቱ ሹል አይደለም፤ ሳር የለበሰ ሜዳ ነው፣ ዳሩ ደግሞ ገደል። እነዚያ በጣት የሚቆጠሩ የዱር ፈረሶች የሚግጡት እዚያ ነው። አቤት ማማራቸው! ልጓም የማያውቅ ፈረስ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያያችሁ፣ የጋሪ ፈረስ ብቻ ለምናውቅ የከተማ ልጆች... እንዴት ልበላችሁ፣ ሌላ እንስሳ ነው።

ታዲያ ጠንቀቅ ነው! እኛ አራት ሆነን ስንወጣ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከሰዓት ጉም መጣ። «ጉም ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ሌላ ተራራ ላይ ቁልቁለቱ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል። ቁንዱዶ ላይ ግን ሁሉም ወገን ሜዳ ነው፤ ሜዳው የሚያልቀውም ድንገት ነው። ከመሃላችን አንዷ ፈረሶቹን ፎቶ ላንሳ ብላ ወደፊት ስትራመድ፣ ይመሩን የነበሩት የአካባቢው አዛውንት ክንዷን ለቀም አደረጉና «ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሏት።

«አባባ፣ ትንሽ ብቻ...»

መልስ አልሰጧትም። ድንጋይ አንስተው ወደፊት ወረወሩ። ሲያርፍ አልሰማንም። ያኔ እሷም ተቀመጠች፣ እኛም ተቀመጥን! ጉሙ እስኪገለጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ጠበቅን።

ብርዱን አትናቁት። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ነፋሱን ጨምሩበት። «ጫት ያሞቃል» የሚላችሁን ጓደኛ አትስሙት፤ ረሃባችሁንና ድካማችሁን ይደብቅባችኋል እንጂ ጃኬት አይሆንም። በዝናብ ወራት ደግሞ በዚያ ገላጣ ሜዳ ላይ ረዥሙ ነገር እናንተ ናችሁ፤ መብረቅ ይህን አይስትም።

ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ስትሄዱ መሣሪያ የያዘ ስካውት አብሯችሁ ይወጣል። ያም ሆኖ በ1996 በዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ቁንዱዶ ላይ ጠባቂያችሁ አገሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ለፈረሶቹማ እሱም የለም። እና እባካችሁ፣ ለፎቶ ብላችሁ አታባሯቸው።

ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ንጋት ላይ ጀምሩ፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ መውረድ ጀምሩ። የመሪያችሁን ዋጋም ታች ሳላችሁ ተነጋገሩ፤ ጉም ውስጥ ክርክር አያምርም።