ከደንገጎ በላይ ያለው መስከረም

አሜሪካ የምትኖር ታናሽ እህቴ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ፎቶግራፍ ትልክልኛለች። ከዋሽንግተን ብዙም ወደማይርቀው የሸናንዶዋ ተራራ ልጆቿን ይዛ በመኪና ትወጣለች፤ ዛፎቹ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ሆነዋል። እዚያ ሰው ቅጠል ለማየት ብቻ ነዳጅ ቀድቶ መንገድ ይወጣል! መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ነገሩ ግን ያስደንቃል። ቀኑ እያጠረና እየቀዘቀዘ ሲሄድ ዛፉ ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር መሥራት ያቆማል፤ ያን ጊዜ በጋውን ሙሉ በአረንጓዴው ተሸፍኖ የቆየው ቢጫ ቀለም ይገለጣል።

በእኛ አገር የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ እምብዛም አይለዋወጥም። ወቅቱን የሚለውጥልን ዝናቡ ነው። ስለዚህ የእኛ ቢጫ ከሚረግፍ ቅጠል ሳይሆን ከሚያብብ አደይ ይመጣል፤ ያውም ክረምቱ ሲወጣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ። ቀፊራን የምታውቁ ግን ይገባችኋል፤ መስከረም እዚህ ሙቀት ነው። አደይ አበባ ወደ እኛ የሚደርሰው ከደጋ እንደሚወርደው ድንችና ሽንኩርት ሁሉ ታስሮ ነው። ልጆቼ ድሬዳዋ ተወልደው አድገው አበባውን በቆመበት አይተውት አያውቁም ነበር።

ባለፈው መስከረም፣ የመስቀል ዕለት ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ለመሄድ ወሰንን። የአገልጋይ ሚስት የሆናችሁ እህቶች ይህ ውሳኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሕዝቡ የሚያርፍበት ቀን ለፓስተር የሥራ ቀን ነው። ባለቤቴ ግን ስልኩን ለአንድ ሽማግሌ ሰጠና ከአንድ ወንድም መኪና ተዋሰ።

ችግሩ እናቴ ነበረች። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ደቻቱን ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ታናሽ እህቷን አጥታለች። ደቻቱን ለማታውቁት፣ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ውኃው የሚሰበሰበው ከላይ ካለው ተራራ ስለሆነ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ይደርሳል። ከዚያች ሌሊት ወዲህ እናቴ በደንገጎ በኩል መብረቅ ብልጭ ሲል አትተኛም። ነጠላዋን ደርባ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። እዚያ ተራራ ላይ አንድም ቀን አልወጣችም።

«እኔ ቤት እጠብቃለሁ፤ እናንተ ሂዱ» አለች።

ባለቤቴ አልተከራከራትም። «እማማ፣ ከፊት እርስዎ ይቀመጡ። ይበቃኛል ባሉበት ቦታ መኪናውን አዞራለሁ» አላት። ልጆቹን ደግሞ ዞሮ፣ «አያታችሁ ካሉ እንመለሳለን፤ ማንም እንዳያጉረመርም» አለ። ጥቂት ዝም ብላ ጫማዋን አደረገች።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ደንገጎ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ መንገዱ ሲጠማዘዝ ሙቀቱ ከትከሻችሁ ላይ እንደ ጋቢ ሲነሳ ይሰማችኋል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ እናቴ «አቁም» አለች። ሁላችንም ያበቃልን መሰለን። ወርዳ ከመንገዱ ዳር ቆመችና ወደ ገደሉ ተመለከተች።

«በዚህ ነው የመጣው?»

«አዎ እማማ። ከነዚህ ሸለቆዎች ሁሉ እየተጠራቀመ ነው የሚወርደው።»

«ተራራው ራቁቱን ነው እኮ!» አለች። እውነቷን ነው፤ ዛፍ የሌለበት ቁልቁለት ውኃውን አይዝም፣ እንዳለ ይለቀዋል። ረጅም ጊዜ ቆመች። ትንሿ ልጄ እጇን ያዘቻት። ከዚያ ተመልሳ ገባችና «ንዳ» አለች።

ከደንገጎ ወደ ቀኝ፣ የቁሉቢን መንገድ ያዝን። እርከኖቹ ላይ ማሽላው ከሰው በላይ ቆሟል፤ በየጎኑ ጫት። (ስለ ጫት ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ።) ወደ ቁሉቢ ስንቃረብ የማሳው ድንበር ሁሉ ቢጫ ለብሶ አገኘነው። ልጆቹ ሮጡ። እናቴ ግን ቀስ ብላ ገብታ እስከ ወገቧ በአበባው መካከል ቆመች። ያደገችው ሒርና አካባቢ ነው። ከእህቷ ጋር በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አበባ እየለቀሙ ማን የበለጠ እንደያዘ ይከራከሩ እንደነበር፣ አበባየሆሽ ሲሉ እህቷ ግጥሙን እየረሳች የራሷን ታስገባ እንደነበር ነገረችን። ሳቀች። ስለ አክስቴ ጎርፉን ሳታነሳ ስታወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ረጅም ጽሑፍ ጽፌአለሁ። ጌታ የሜዳ አበቦችን ተመልከቱ ያለው ለደስተኞች ሳይሆን ለሚጨነቁ ሰዎች መሆኑን አሳምሬ አብራርቼ ነበር። በዚያን ሰዓት ግን አፌን ያዝኩ። አበባውን ያወጣውና እህቷን የወሰደው አንድ ዓይነት ዝናብ ነው፤ እሷም ይህን ከእኔ በፊት አይታዋለች። ቆማ ትመልከት ብዬ ተውኳት።

ስንመለስ ደንገጎን አልፈን ሐረማያ ደረስን። ባለቤቴ ሐይቁን ማየት ፈልጎ ነው። ለሐረር ከተማ ይጠጣ የነበረው ይህ ሐይቅ፣ ለመስኖና ለከተማ ውኃ ከልክ በላይ ሲሳብ፣ ደለልም ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ ደርቆ ከብት ይግጥበት ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሷል። ባለቤቴ ዳር ላይ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልተናገረም። ጌታ ይመስገን፣ ስልኩም አልነበረም።

መሄድ የምታስቡ ካላችሁ ጥቅምት ሳይገፋ ሂዱ፤ አበባው አይጠብቃችሁም። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ስለሚወርድ በማለዳ ውጡ፤ ለልጆች ሹራብ ያዙ፤ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ። ማሳ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ። አደይ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል ስለሆነ ሜዳውን አታራቁቱት። እናቴ አንድም አልቀጠፈችም። የሐረማያን ድንች ግን ዋጋውን አስወርዳ አምስት ኪሎ ገዝታለች።